የእንጉዳዩ ልኬት

ደሴ ለሁለተኛ ዲግሪዬ ስማር፣ እንጉዳይ ውስጥ ያለውን ቤታ ግሉካን የተባለ ንጥረ ነገር እለካ ነበር፤ የሰውነትን በሽታ የመከላከል አቅም ያነቃቃል ይባላል። የዱሩን እንጉዳይ ከቦሩ ሜዳ አመጣለሁ። የቤቱን ደግሞ ኮምቦልቻ ያሉ አንዲት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ይሰጡኝ ነበር፤ ፋብሪካው በሚጥለው ጥጥ ላይ ነው የሚያበቅሉት። እትዬ እላቸዋለሁ። ባለቤታቸው የሳንባ ነቀርሳ ይዟቸው ክኒን ከጀመሩ ሁለት ወር ሆኗቸው ነበር።

እንጉዳዩን አድርቄ እፈጨዋለሁ፤ በውሃ አፍልቼ አጠለዋለሁ፤ አልኮል ሳፈስበት ነጭ ክር የመሰለ ነገር ይንሳፈፋል። እሱን ለይቼ አሲድ ስጨምርበት ብርቱካንማ ይሆናል። ቀለሙ በደመቀ ቁጥር ማሽኑ የሚያሳየኝ ቁጥር ከፍ ይላል። የእትዬ እንጉዳይ ከሁሉም በለጠ። ደግሜ ሳልለካ በሚኒባስ ኮምቦልቻ ወረድኩ።

«እትዬ፣ የእርስዎ አንደኛ ወጣ! ሰውነት በሽታን እንዲከላከል የሚያግዝ ነገር ሞልቶታል።»

«ወላሂ? ለሳንባም ይሆናል?»

ባለቤታቸው ከአልጋቸው ቀና ብለው መልሴን ጠበቁ።

«ያግዛል ይባላል» አልኩ። ክኒኑን እንዳያቋርጡ ግን አልነገርኳቸውም። ደስታቸውን ማደብዘዝ አልፈለግኩም ይሆናል፤ ወይም የራሴን።

ክረምት ሲገባ አማካሪዬ ሰንጠረዡን አዩና፣ «ስታርቹን ቀንሰሻል?» አሉኝ። አልቀነስኩም። የእንጉዳዩ ዘር የሚራባው ማሽላ ላይ ነው፤ ከእግሩ ጋር የተጣበቀው የማሽላ ፍርፋሪ አብሮ ተፈጭቶ ኖሯል። ማሽኑ ደግሞ የማሽላውን ስታርች ከቤታ ግሉካኑ አይለይም። ስታርቹን አስወግጄ ብለካው ከዱሩ እንጉዳይም አነሰ።

በማግስቱ ልነግራቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው ግን ብሶባቸው አገኘኋቸው። ጉንጫቸው ጎድጉዷል፤ አፋቸውን በመሐረብ ይዘው ይስላሉ።

«ክኒኑ ሆዱን ሲያቃጥለው ተወው» አሉ እትዬ። «የእንጉዳዩን መረቅ ግን ጠዋት ማታ አላጓደልኩበትም።»

«መቼ ተዉት?»

«አንቺ መጥተሽ በሄድሽ በሳምንቱ።»

ልኬቱ ስህተት እንደነበር ነገርኳቸው። ትክክል ቢሆን እንኳ ክኒኑን እንደማይተካም ነገርኳቸው። ባለቤታቸው፣ «ታዲያ ያኔ ለምን አላልሽንም?» አሉኝ። አልተቆጡም። እውነት መልሱን ፈልገው ነበር። እኔ ግን፣ «ይነሱ፣ ጤና ጣቢያ እንሂድ» አልኳቸው።

የዚያኑ ዕለት ግራና ቀኝ ደግፈን ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። ሕክምናው እንደገና ተጀመረ፤ በሽታው ግን ሥራውን ሠርቶ ነበር። ዝናቡ ሳያባራ አረፉ።

ለቅሶ ስደርስ እትዬ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ለጎረቤቶቻቸው፣ «ደሴ የምትማረው ልጄ ናት፤ ታማሚዬን ጤና ጣቢያ ያደረሰችልኝ እሷ ናት» አሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አንገቴን ደፍቼ እጃቸውን ብቻ ያዝኩ።

ጥናቴን ያቀረብኩት በዓመቱ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ለምን እንደተሳሳተና እንዴት እንዳረምኩት አስረዳሁ። ፈታኞቹ ጥንቃቄዬን አመሰገኑ፤ እኔም አመስግኜ ተቀመጥኩ።