ተርቧና የጾሙ ቅቤ

ተርቧ ትሉን አትፈልግም። የምትፈልገው የበላበትን ቅጠልና የጣለውን ኩስ ነው። ይህን የነገረን የሰብል ጥበቃ መምህራችን ነው። ልማት ሠራተኛ ልሆን ስሠለጥን አንድ ቀን ከክፍል አውጥቶ ወረታ ዳር ካለ የሽምብራ ማሳ ወሰደንና ቁጢጥ አስባለን።

ትንኝ የምታህል ጥቁር ተርብ አንድ የተበላ ቅጠል ላይ ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ ፀጉር የመሰሉ ሁለት አንቴናዎቿን ሳታሳርፍ ቅጠሉን ትዳብሳለች።

«የሚመራት ዐይኗ አይደለም» አለ መምህሩ። «ትል ያኘከው ቅጠል ጤነኛው ቅጠል የሌለው ሽታ ያወጣል። ከሩቅ የሚጠራት እሱ ነው። ከቀረበች በኋላ ኩሱን ትዳብሳለች፤ ኩሱ ትኩስ ከሆነ ባለቤቱ ሩቅ አይደለም። ቅጠሉ ግን ማን እንደሚመጣለት አያውቅም፤ ሽታው የደረሰው ሁሉ ይመጣል።»

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ተርቧ ትሉን ከአበባው ሥር አገኘችውና ወጋችው። እንቁላሏን የምትጥለው ሆዱ ውስጥ ነው፤ የሚፈለፈለው ልጇ ትሉን ከውስጥ በልቶ ይገድለዋል። ትሉ ጥቂት ተወራጨና ምንም እንዳልሆነ መብላቱን ቀጠለ።

ጓደኞቼ ለተርቧ አጨበጨቡ። እኔ ተነሥቼ ወደ መንገዱ ሄድሁ። መምህሩ ፀሐይ የመታኝ መስሎት ውኃ ላከልኝ። ፀሐይ ምን በወጣት።

ወንድሜ የተወሰደው ከዚያ ሥልጠና በፊት፣ በገና ጾም ነው። አባታችን ቄስ ናቸው። ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት አምጡ በተባለ ቁጥር ወንድ ልጅ ያለው ቤት ሁሉ መሸሸጊያ ፍለጋ ይራወጥ ነበር። አንዳንዱ ጣራ ገዳም ጫካ ወጣ፤ ወንድሜ ጣና ዳር ደንገል ውስጥ ገባና ወባ ይዞት ተመለሰ። እናታችን ጓዳ ውስጥ ካለው የጭቃ ጎታ እህሉን ገልብጣ እሱን አስገባችው።

ብልሆች ነን ብለን ነበር። ዐይነ ምድሩን እናቴ በአመድ ሸፍና ከከብቶቹ ፍግ ጋር ታወጣዋለች። ሲያስለው እኔ ሙቀጫ እወቅጣለሁ። ባዶ ሙቀጫ ስወቅጥ የዋልሁበት ቀን አለ፤ ጎረቤት «ይች ልጅ ምን ትወቅጣለች» ሳይል የቀረው በእግዜር ቸርነት ነው።

ትኩሳቱ ሲለቀው አጥንቱ ቀረ። ሽሮውም ንፍሮውም አልወርድ አለው። አባቴ ከቅዳሴ ሲመለሱ እናቴ ደጃፍ ላይ ጠበቀቻቸው።

«ልጁ እየደከመብኝ ነው። አጥሚት በቅቤ ላጠጣው፤ ይፍቱኝ።»

«በሽተኛ ጾም የለበትም» አሉ። «አንቺ ብቻ እንዳትቀምሽ።»

የቄስ ሚስት ግን በጾም ገበያ ወጥታ ቅቤ አትገዛም፤ ወረታ በሙሉ ያያታል። ስለዚህ ባለሱቋን ሙስሊም ጎረቤታችንን ለመንናት። ለጋውን ቅቤ በቅል አድርጋ፣ ላዩን ጥጥ አልብሳ አመጣችልን፤ ለማን እንደሆነም አልጠየቀችም። ቅቤው ማንም ሳያየው ቤታችን ገባ። እናቴ ለልጇ እንዲጥመው ኮረሪማውን፣ በሶብላውን ጨምራ አነጠረችው። ሦስታችንም አላሰብንም፤ አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል። ዐይን ስንሸሽ አፍንጫን ረሳን።

የገበሬ ማኅበሩ ጠባቂ በአጥራችን ሥር ያልፍ ነበር። ባዕድ አይደለም፣ አባቴ ፊደል ያስቆጠሩት የጎረቤት ልጅ ነው። ሊፈትሽ የመጣም አይመስለኝም። ሲያልፍ ድንገት ቆመ፤ አንገቱን ቀና አደረገ። አፍንጫው ሲሰፋ በበሩ አየሁት። ቀረበና ጠመንጃውን ወደ ኋላ አዙሮ እጅ ነሣ።

«እትዬ፣ ማን ታመመብዎት?»

እናቴ «እኔ» ማለት ትችል ነበር። ወደኔ ብትጠቁም እዚያው መደብ ላይ ተጋድሜ አቃስትላት ነበር። ግን ዕድሜዋን ሙሉ ለጠያቂ የመለሰችው መልስ አፏ ላይ ቀደማት።

«ኧረ ማንም! ሁላችንም ደኅና ነን፣ እግዜር ይመስገን።»

«ይመስገን» አለና ሄደ።

በጾም ከቄስ ቤት ቅቤ ይሸታል፤ በሽተኛ ግን የለም፤ ታዲያ ለማን ተነጠረ? እናቴ ነገሩ የገባት ማማሰያውን እንደያዘች ነው። ወንድሜን ከጎታው ልናወጣው ስንታገል እግሩ አልቆም አለው፤ ጠባቂዎቹም አልዘገዩም። ሦስት ሆነው መጡ። ቆጡን ቀና ብለው አላዩም፤ ሽታው ወዳለበት ጓዳ ገብተው ጎታውን በሰደፍ መቱት። ወንድሜ ጋቢውን እንደተከናነበ ወጣ። አጥሚቱ ጢሙ ላይ ነበር፣ ያ ጢም ከተባለ። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ልትጠርግለት እጇን ስትዘረጋ ገፍተው አሳለፉት። ጠባቂው ወጣት ካላመጣህ አንተ ትሄዳለህ ተብሎ ነበር አሉ። ይሆናል። እኔ ግን ይቅር አላልሁትም።

ከዚያ ወዲህ ለፋሲካም ቢሆን ቤታችን ቅቤ አልተነጠረም። ሽታው ግን አልወጣም። ጓዳ በገባሁ ቁጥር ከጎታው አፍ ይመጣብኛል፤ ኮረሪማው ሳይቀር። እናቴም እዚያ ስትደርስ ትንፋሿን ትይዛለች። አንድም ቀን አልተነጋገርንበትም። ወንድሜ ሞተ ያለን የለም፤ አለም ያለን የለም።

ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ወታደር በወረታ መንገድ በባዶ እግሩ ያልፍ ጀመር። የሰኔ ጾም ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ሽታው ገና አጥሩ ጋ ተቀበለኝ። ያው የለመድሁት መስሎኝ ነበር። አይደለም፤ እናቴ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ቅቤ ታነጥራለች። አባቴ ዳዊታቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል፤ አልከለከሏትም።

«እማዬ፣ ምን ነካሽ? ጾም እኮ ነው!»

«ያስያዘው ይኸ ነው» አለች ሳትዞር። «ካለበት ያምጣው።»

ፈራሁላት፤ እሷንም ፈራኋት። ብዙም ሳይቆይ አንድ ወታደር ከመንገዱ ወጥቶ አጥራችን ጋ ቆመ። አንገቱን ቀና አደረገ። እናቴ ማማሰያውን ጥላ ወጣች። የኛ ልጅ አይደለም፤ አማርኛውም የኛ አገር አይደለም። ብዙ አየችው፤ ከዚያ «ግባ ልጄ» አለችው።

አጥሚቱን ሲጠጣ ጢሙ ላይ ቀረ። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ያዘችና ጠረገችለት።

በማግሥቱም በሩን ከፍታ አነጠረች።