ጣሪያዋን የዘጋችው ኔሊዳ

«የገደል አፋፍ አበባ፣ ማን ያየኛል ብለሽ ፈካሽ...» ከዚያ ወዲያ ያለው ስንኝ ይጠፋባታል፤ ኔሊዳ በእም፣ እም ታስኬደዋለች። እናቷ በተራራው አገር ያንጎራጉሩት የነበረ ዜማ ነው፤ ግማሹ ወደ ሊማ ሲመጡ መንገድ ላይ ቀረ።

በእኛ ኮረብታ ቤት የሚያድገው ከልጅ ጋር ነው። ልጅ ሲጨመር ፎቅ ይጨመራል፤ ለሚቀጥለው ደግሞ ከምሰሶው አናት ፌሮ ወደ ሰማይ እንደቆመ ይተዋል። ፌሮ የሌለው ጣሪያ ካያችሁ፣ እዚያ ቤት መውለድ ቀርቷል ማለት ነው።

የኔሊዳ ሁለተኛ ፎቅ አርማታ በሚሞላበት ቀን ሰፈርተኛው ሁሉ ባልዲ ሊቀባበል ወጣ። እሷም ከማለዳ ጀምሮ ደረጃው ላይ ቆማ ታቀብላለች። ነርስ ለመሆን አንድ ዓመት ነው የቀራት። አማቷ ዶኛ ሳቢና ከታች ወጣቸውን እያማሰሉ ጮኹ፦

«ፌሮውን ረዘም አድርጋችሁ ተዉት! ሦስተኛ ልጃቸው ሊመጣ ነው።»

«ማን ነገረዎት እማማ?» አለች ኔሊዳ ባልዲ እየተቀበለች።

«ማንም። ትምህርቱን ተይው እንጂ ይመጣል!»

ሳቅ ሆነ። ቆም ብሎ መጨቃጨቅ አይቻልም፤ አርማታ ሰው አይጠብቅም፣ ይደርቃል። ጠቡም ከባልዲው ጋር ደረጃውን ወጣ።

«አልተወውም። ልጅም ሁለት ይበቃናል፤ ፌሮው ይቆረጥ።»

«እኔ ስምንት ወልጃለሁ!»

«ስንቱን አስተማሩ?»

«ኤልመርን... እስከ አራተኛ።» ድምፃቸው ወረደ። «እሱም ጫማው አልቆበት ነው የቀረው።»

ኔሊዳ ጣሪያው ላይ ወዳለው ባሏ ቀና አለች።

«ኤልመር! አልጋ ላይ ያልከኝን ለእናትህም ንገራቸው እንጂ!»

«እኛም እንስማው!» አሉ ባልዲ አቀባዮቹ በአንድ አፍ።

ኤልመር እስከ ጆሮው ቀላ። ከዚያ የብረት መጋዙን ከግንበኛው እጅ ወስዶ ፌሮው ላይ አሳረፈ። «ሁለት ይበቃናል እማዬ። እሷ ትማር፣ ልጆቹም ይማሩ።»

ዶኛ ሳቢና ጭልፋቸውን ወደ ጣሪያው ቀሰሩ፦ 

«አንዷን ፌሮ ተዉልኝ እንግዲህ፤ የልብስ ማስጫ ገመድ አስርባታለሁ።»

ሥራው ሲያልቅ ዶኛ ሳቢና የደረቀ ድንችና የአሳማ ሥጋ ወጡን ጨለፉ፤ ወንዶቹን አልፈው መጀመሪያ ለኔሊዳ።

«ነይ አንቺ ነርስ፣ ቁጭ በይ፤ ወገብሽ ተቆረጠ።»

ኔሊዳ ሲሚንቶ የደረቀባቸውን እጆቿን ታጠበች፤ ባዶ ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠችና መብላት ጀመረች።