ለአጋዘኑ የመረጥነው ስለት

ከቤቴ አጠገብ ወጣቶች የበርና የመስኮት መሥሪያ ከፍተዋል። ጠዋት የብረት መቁረጫውን ሲያስነሱት ጎረቤቱ ሁሉ ጆሮውን ይይዛል። «እማማ፣ እርስዎ እንዴት ቻሉት? ለቀበሌ እንናገር እንጂ» ይሉኛል። ምን ብዬ ላስረዳቸው? ያ የተፋቀ ብረት ሽታ በመስኮቴ ሲገባ እኮ እኔ ሮቤ ከተማ አይደለሁም። ጎባ ነኝ፣ የአባቴ ጎጆ ውስጥ፣ ከወናፉ ኋላ። ፊቴን ፍሙ ያሞቀዋል፣ ጀርባዬን የባሌ ብርድ ይቆነጥጠዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። አያቶቹ ከሰሜን ከጭፍራ ጋር መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው። ማረሻው፣ ማጭዱ፣ መጥረቢያው ሁሉ ከእጁ ይወጣል። ያለ እሱ የሚያርስ ገበሬ አልነበረም፤ ከጣሪያችን ሥር የሚገባ፣ በጣሳችን ውኃ የሚጠጣ ገበሬ ግን አልነበረም። ከአጥር ውጪ ቆመው ይጣራሉ፣ ብረታቸውን ሣሩ ላይ ያስቀምጣሉ፣ እኛ ወጥተን እናነሳለን። በኦሮምኛ «ቱምቱ»፣ ቀጥቃጭ፣ ይሉናል። በአማርኛ ደግሞ ፊት ለፊታችን የማይናገሩት ስም ነበረን፤ ዓይናችን ይበላል ነው የሚሉት። እሑድ አንድ ቤተ ክርስቲያን እንሳለማለን፤ ቅዳሴው ሲያልቅ እነሱ ሰብሰብ ብለው በሰፊው መንገድ፣ እኛ በወንዙ ዳር በቀጭኗ።

አባቴ ወንድ ልጅ አልነበረውም። ወናፉን የምነፋው እኔ ነበርኩ፤ ለአካለ መጠን ስደርስ ደግሞ ስለት ማውጣቱን ተወልኝ። ከወንዝ የመጣች ጥቁር መሳያ ድንጋይ ነበረችኝ። ቢላዋ ስስል ድምፁን እየሰማሁ ነበር የማውቀው፤ መጀመሪያ ያጉረመርማል፣ ኋላ እየቀጠነ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ሹክሹክታ ይሆናል። ያኔ ክንዴ ላይ አድርጌ ጸጉሩን እሞክራለሁ።

አንድ እንግዳ ሰው የመጣው በባሌ ረብሻ ዘመን፣ መንግሥት ከገበሬው ጠመንጃ የሰበሰበ ጊዜ ነው። ገና ጢሙ ያቀመቀመ ወጣት ነበር። ከአጥሩ ውጪ አልተጣራም። ቀጥ ብሎ መጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ በዝቅተኛዋ በር ገባና «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላምታ ሰጠን። አባቴ መዶሻውን እንዳነሳ ቀረ። እኔም ወናፉን ረሳሁት።

«ተሳስተህ ነው የገባኸው፣ ልጄ?» አለው አባቴ።

«አልተሳሳትኩም፣ አባባ። የፍላጻ ጫፍ ፈልጌ ነው።»

ቁጭ አለና ታሪኩን ነገረን። እርሻቸው ከጎባ በላይ፣ ከአስታ ዛፉ ጫካ ሥር ነው። ጠመንጃ እንደሌለ ያወቁ ይመስል የደጋ አጋዘኖች ጎሕ ሲቀድ እየወረዱ ገብሱን ይግጡታል። አጎቱ ሃረና ጫካ ነው የሚኖሩት፤ እዚያ ቀስት ስለሚያውቁ እሱም ከእሳቸው ተምሯል። ባለፈው ዓመት መንጋውን የሚመራውን ትልቁን ወንድ ወጋው። አጋዘኑ ግን ፍላጻውን እንደተሸከመ ጫካ ገባ። ሲፈልገው ውሎ ያገኘው ጅብ ከጨረሰው በኋላ ነው።

«አባቴ ሳያናግሩኝ ከረሙ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ሲናገሩ ደግሞ ያሉኝ፣ ሁለተኛ አንድ እንስሳ አቁስለህ ብትለቅ የኔ ልጅ አይደለህም ነው። ዘንድሮ ከሱ የባሰ ወንድ መንጋውን ይዞ መጥቷል። ገብሱ ካለቀ ዘርም አይኖረንም።»

ከከረጢቱ ያችን የዓምና ጫፍ አወጣት። ከገበያ የተገዛች፣ እንደ ወስፌ የቀጠነች ነበረች። አባቴ ተቀብሎ አገላብጦ አያትና ለኔ አቀበለኝ። «እስቲ አንቺ በይ» አለኝ። ሰው ፊት ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነበር።

«ትገባለች» አልኩ ዓይኔን ሳላነሳ። «ግን ቀዳዳው ወዲያው ይዘጋል። ደም ካልፈሰሰው አይወድቅም፣ ዱካውም አይገኝም።»

«ታዲያ እንደ መንጠቆ ጥርስ ያለው ይሁን» አለ ወጣቱ። «አንዴ ከገባ የማይወጣ።»

«ከሳትክስ?» አልኩት። ድምፄ ራሴንም አስደነገጠኝ። «ጭኑን ብትመታውስ? ጥርስ ያለው አይወጣም። እያመገለ ዕድሜውን ሙሉ ይዞት ይዞራል። ለስላሳው ግን ይወድቅለታል፣ ቁስሉም ይድናል።»

ወጣቱ መጀመሪያ አባቴን፣ ከዚያ እኔን አየ። «እንግዲያውስ ምረጪልኝ» አለ።

መምረጡ ግን በአንድ ቀን አላለቀም። አባቴ ከአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ ብረት ቆርጦ ጫፎች ቀጠቀጠ። መጀመሪያ እንደ እጅ መዳፍ ሰፋ ያለ ሠራ። ወጣቱ ከጎጆው ጀርባ፣ ገለባ በሞላነው ደረቅ የበሬ ቁርበት ላይ ሞከረው። ሲያዩት ያስፈራል፤ ነፋስ ሲይዘው ግን ፍላጻው ወደ ጎን ይሸሻል፣ ቁርበቱንም በወጉ ሳይበሳ ይቆማል። አጠበብነው። ሲጠብ ቀለለና ፍላጻው ሽቅብ ሄደ። ወገቡን አወፈርነው፣ ደግሞ አፍንጫው ከበደ። አባቴ ሲስቅ ብዙ አይቼው አላውቅም፤ ያን ሰሞን ግን ፍላጻው ዶሮ ማደሪያችን ላይ ተሰክቶ ዶሮዎቹ ሲበታተኑ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

በመጨረሻ የወይራ ቅጠል የመሰለ ወጣ። ረዘም ያለ፣ ሆዱ መጠነኛ፣ በሁለቱም ጎን ስለት ያለው፣ ጥርስ የሌለው። ወጣቱ በጅማት አስሮ ወረወረው። ቁርበቱን ሲያልፍ ድምፅ አልሰማንም፤ ከወዲያ በኩል ገለባው ብቻ ተንጠባጠበ።

«ይኼ ነው» አልን እኔና ወጣቱ አንድ ላይ። ከዚያ ሁለታችንም አፈርን።

ሲመጣ ሲሄድ ጎረቤት አየው። እናቱ «ልጄን በዓይናቸው በሉት፣ ከጎጇቸው አልወጣ አለ» ብላ በገበያ አወራች። አባቴም ሰምቷል። አንድ ቀን ማታ ከሰሉን እየሰበሰብኩ ሳለ ፊቱን ወደ እሳቱ አዙሮ «ልጄ» አለኝ፤ «ብረቱን ይወስዳል። አንቺን ግን አይወስድም። አውቀሽ ግቢበት።» አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

የመጨረሻዎቹን ጫፎች ግን እንደሳልኩ አድርጌ ሌላ ምንም ስዬ አላውቅም። ሹክሹክታውም ጠፍቶ ድንጋዩ ዝም እስኪል ድረስ ሳልኳቸው።

የአደኑን ነገር በኋላ ደጋግሞ ስለነገረኝ እኔም አብሬ የነበርኩ ይመስለኛል። አባቱ «ዓይኔ እያየ ነው የምትወጋው» ብለው አብረውት ሄዱ። ጉሙ ከሣኔቴ አምባ በኩል እየተንከባለለ ይወርዳል፣ አስታው ላይ ጠል ይንጠባጠባል፣ የረገጡት ቅጠል ሁሉ ይሸታል። መንጋው ከገብሱ ዳር ነበር። ትልቁ ወንድ ብቻውን ራቅ ብሎ ቀንዱን ቀና አድርጎ ቆሟል። ወጣቱ ቀስቱን ሳበ፤ አጋዘኑ ግን ፊት ለፊቱ ቆሞ ነበርና ሳይወረውር አላላው። እስኪዞር ጠበቀ። አባቱ ከኋላው ትንፋሻቸውን ይዘዋል። ጉሙ መጣ፣ ሸፈነው፣ ገለጠው። አጋዘኑ ጎኑን ሲሰጥ ፍላጻው ወጣ።

አልዘለለም፣ አልጮኸም አለኝ። ንብ እንደነካው ያህል ቆዳውን አንቀጠቀጠ፣ ዞሮ ጥቂት ተራመደ፣ ደግሞ የቆመ መሰለ። ከዚያ የፊት ጉልበቶቹ ታጠፉና እንደሚተኛ ከብት በዝግታ ተኛ። ሌሎቹ እንኳን ወዲያው አልሸሹም። አባቱ ፈጥነው ደርሰው በስመ አብ ብለው ባረኩት።

ፍላጻው በወዲያኛው ጎን ወጥቶ ሣሩ ላይ ወድቆ ነበር። ሽማግሌው አነሱት፣ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፣ በአውራ ጣታቸው ስለቱን ነኩት። ደማቸው ጠብ አለ።

«ማን ነው የሳለው?» አሉ።

«የቱምቱው ልጅ ናት። መርጣም የሰጠችኝ እሷ ናት» አላቸው። ቀጠለና «አባ፣ ላገባት እፈልጋለሁ» አለ። ይህን ለማለት የአጋዘኑን ጎን ከመጠበቅ የበለጠ ድፍረት ፈጅቶበታል። ሽማግሌው ቢላዋቸውን አውጥተው አጋዘኑን መግፈፍ ጀመሩ። ታፋውን ለብቻው አድርገው ሥጋውን ከፋፈሉ።

እኔ ያኔ ይህን አላውቅም። የማውቀው መምጣቱን እንዳቆመ ነው። ወናፉን እነፋለሁ፣ ዓይኔ በሩ ላይ ነው። አባቴ ያየኛል፣ ያላየ ይመስላል። እንደዚያ ያለ ረጅም ሳምንት በሕይወቴ ብዙ አልገጠመኝም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ እንዳባራ በሩ ጨለመ። ቀና ስል ሽማግሌው ቆመዋል፤ ልጃቸው ከኋላቸው፣ ትከሻው ላይ በጭስ የደረቀ የአጋዘን ታፋ ተሸክሟል። ለዘመድ ብቻ የሚላከው ብልት መሆኑን አገር ያውቃል። አባቴ ለመውጣት ተነሳ፤ ሰው ሲመጣ ሁልጊዜ የምንወጣው እኛ ነን።

«ይቀመጡ፣ አይውጡ» አሉት ሽማግሌው። አባቴን «አንተ» ሲሉት ነበር የኖሩት። «እኔ ልግባ።»

ባርኔጣቸውን አውልቀው ጎንበስ ብለው ገቡ። የኛ ጎጆ ጣሪያ ለረጅም ሰው አይመችም፤ ጭሱ ዓይናቸውን አስለቀሳቸው። በርጩማ ሰጠኋቸው፣ ከእሳቱ አጠገብ ተቀመጡ። መዶሻውን፣ ብረት የሚቀጠቀጥበትን መስፍ፣ ጉጠቱን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ውኃ አጠጪኝ፣ ልጄ።»

በኛ ጣሳ ቀድቼ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ሳይጠጡ ቢመልሱት ማየት አልፈለገም። ሽማግሌው ግን ጠጡ። ጉሮሯቸው ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ። ጣሳውን እስከ ታች ጨልጠው፣ ጢማቸውን ጠረጉና መልሰው ዘረጉልኝ።

«ጨምሪልኝ» አሉ።

የሠርጋችን ዕለት እናቱ አልመጣችም። የመጀመሪያ ልጃችን ሲወለድ ግን ገንፎ ልታገነፋ ከሁሉም ቀድማ የደረሰች እሷ ናት። ባለቤቴ ካረፈ ቆየ፣ ሁለቱ አባቶችም እዚያው ጎባ አንድ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ተኝተዋል። የልጅ ልጆቼ ይህን ስነግራቸው «ውኃ መጠጣት ምን ይደንቃል?» ይሉኛል። እንደማይደንቃቸው ሳይ ደስ ይለኛል።

ያን ቀን ሽማግሌው ሲነሱ አባቴ እስከ መንገዱ ሸኛቸው። ይመለሳል ብዬ ብጠብቅ አይመለስም። በበሩ ብቅ ብል፣ ከአጥሩ ማዶ በሰፊው መንገድ መሐል ቆመው ስለ ገብስና ስለ ዝናብ ያወራሉ፤ አንዱ የሌላውን ክንድ ይዟል። ወጣቱ ከነሱ ኋላ ሆኖ ወደ እኔ ያያል። እኔም ወናፉን ትቼ ቆሜ አያለሁ። ስመለስ እሳቱ ጠፍቷል። አባቴ እሳት ሲጠፋበት አይወድም ነበር። ገብቶ አመዱን አየ፣ እኔን አየ፣ «ተዪው፣ ዛሬ አንሠራም» አለና አጠገቤ ቁጭ አለ።