ለአቶ ቆልፌ ያዋስኩት የሰው ፊት

ያ ጭምብል ያስከፈለኝን ከሁሉ በፊት ልናገር። አንድ ጎረቤት አሳጥቶኛል፤ ከዚያ ወዲህ እንደ እሱ ያለ ጎረቤት አልገጠመኝም። እጄንም አሳጥቶኛል። አልተቆረጠም፤ ዛሬም ምስማር ይመዝናል፣ የሱቅ በር ይከፍታል። ቡሩሽ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ጨብጦ አያውቅም።

ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ሚስቴ ሳታውቀው ሞተች። ለነፍስ አባቴ የገደፍኩትን ጾም፣ በሐሰት የማልኩትን፣ ሚዛን ላይ ያጎደልኩትን ሳይቀር ዘርዝሬያለሁ። እዚህች ላይ ስደርስ ግን ሳል ይይዘኛል። እሳቸውም የዋህ ናቸው፣ "ይማርህ ልጄ" ብለው ወደ ሌላው ኃጢአት ያሳልፉኛል። እናንተ ግን አታሳልፉኝ።

በደርግ ጊዜ ነፋስ ስልክ ውስጥ የቀለምና የምስማር ሱቅ ነበረኝ። ጄሶ፣ ኮላ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ቆርቆሮ፣ የመሳሰለውን እሸጣለሁ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ የቀረውን መንገድ ነው ያስተማረኝ። አንድ ሱስ ነበረብኝ። ሌላው ሰው እሁድ ሲደርስ ጠጅ ቤት ሲገባ እኔ አውቶቡስ ተሳፍሬ መሃል ከተማ ቲያትር ቤት እሄዳለሁ። ተዋንያኑን ለማየት እንዳይመስላችሁ፤ ታሪኩንም ብዙ ጊዜ አልከታተለውም። ጭምብሎቹን ለማየት ነው። ጭምብል ያለበት ቲያትር ሲመጣ ከፊት ወንበር እይዝና አፍንጫውን፣ የዓይኑን ቀዳዳ፣ የቀለሙን አጣጣል በዓይኔ እለካለሁ። ቤቴ ስመለስ ቁጭ ብዬ ግልባጩን እሠራለሁ። ጋዜጣ ቀድጄ በኮላ እየነከርኩ እደራርባለሁ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አደርቀዋለሁ፣ እፍቀዋለሁ፣ እቀባዋለሁ። ሽማግሌውም፣ ዝንጀሮውም፣ ሰይጣኑም ከሱቁ ጀርባ ግድግዳ ላይ ተደርድረው ነበር። ሚስቴ "እኔ ከነዚህ ጋር እየተፋጠጥኩ ምሳ አልበላም" ብላ መጋረጃ ጋርዳባቸዋለች።

አንድ ጉድለት ነበራቸው። ግድግዳ ላይ ያምራሉ፣ ሰው ፊት ላይ ግን አይቀመጡም። ይወዛወዛሉ፣ ጉንጭ ይፍቃሉ። ልክ የሚሆኑት ከእውነተኛ የሰው ፊት ላይ በጄሶ ቅርጽ ከተወሰደ ብቻ ነው። የማንን ፊት ልውሰድ?

ልብስ ሰፊው ተሰማ ጎረቤቴ ነበር። የሱና የኔ ሱቅ በአንድ ግድግዳ ይገናኛል። እግዚአብሔር ያን የመሰለ ገራገር ሰው ሠርቶ ሲያበቃ ለምን ያን ፊት እንደሰጠው አላውቅም። የታችኛው ከንፈሩ በግራ በኩል ወደ ላይ ሰቀል ያለ ነው፤ አንዱ ቅንድቡም ከሌላው ከፍ ይላል። ዝም ካለ ዓለሙን ሁሉ የናቀ ይመስላል። አዲስ ደንበኛ ገና ከበር ሲገባ ይከፋዋል፤ ተሰማ አፉን ከፍቶ "ግቡ እንጂ ጌታዬ" ሲል ነው የሚታረቁት።

"ፊትህን አውሰኝ" አልኩት አንድ ቀን።

"መቼ ትመልሳለህ?" አለኝ ቀና እንኳን ሳይል።

ጨርቅ በሚቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ አጋደምኩት። ፊቱን ቫዝሊን ለቀለቅሁት፣ መተንፈሻ እንዲሆነው አፍንጫው ውስጥ ሁለት የስንዴ አገዳ ሰካሁለት፣ ጄሶውን በጥብጬ ደፋሁበት። ሚስቱ ወርቅነሽ በሩ ላይ ቆማ ታያለች።

"በቀለ፣ ስትገለብጠው እግረ መንገድህን ትንሽ አሳምርልኝ!" አለች።

ተሰማ በጄሶው ሥር ሆኖ ሆዱ በሳቅ ይናጣል። ቅርጹ እንዳይሰነጠቅ ደረቱን ተጭኜ ያዝኩት። ተነስቶ ፊቱን ከታጠበ በኋላ "ለመሆኑ ለማን ነው የምታለብሰው?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ለልምምድ ነው። ከሆነልኝ ደግሞ ለአንድ ጀግና" አልኩት።

"እንግዲያው ቅንድቤን ዝቅ አድርግልኝ። ጀግና ሰው አይንቅም።"

ቃል ገባሁለት።

እዚህ ላይ የሥራውን ሕግ ልንገራችሁ፣ ያለሱ በደሌ አይገባችሁም። ከሰው ፊት በተወሰደው ቅርጽ ውስጥ ሌላ ጄሶ ተፈስሶ ፊቱ ሲወጣ፣ በዚያ ጄሶ ላይ በቀጥታ ጋዜጣ አይለጠፍም። መጀመሪያ እርጥብ የሸክላ ጭቃ ይደረግበታል። አፍንጫ ይረዝማል፣ ግንባር ይወጣል፣ ጉንጭ ይሞላል፣ የፊቱ ባለቤት ይጠፋል። ጄሶው ልክ ይሰጥሃል፣ ሸክላው ሌላ ሰው ያደርገዋል። እኔ ሸክላውን ከላፍቶ ወንዝ ዳር በጆንያ አስመጣ ነበር። ይህን ሕግ ማንም አላስተማረኝም፤ ራሴ ነኝ የደረስኩበት። ስለዚህ አላወቅኩም ማለት አልችልም።

የአብዮት በዓል ሲቃረብ የቀበሌያችን ኪነት ቡድን ኃላፊ ጓድ ግርማ ቀይ ቀለም ሊወስድ ሱቄ መጣ። መጋረጃው ተገልጦ ነበርና ግድግዳውን አየ።

"ጓድ በቀለ! ይሄን ሁሉ ሀብት ከሕዝብ ደብቀህ?" አለ እየሳቀ።

ያኔ "ደብቀህ" የሚለው ቃል ለነጋዴ የሳቅ ቃል አልነበረም። ባለ ሳሙናው ጎረቤታችን ደብቀሃል ተብሎ ከተወሰደ ገና ወሩ ነው። ጓድ ግርማ ሦስት ጭምብል ፈለገ፦ ገበሬ፣ ወዛደር፣ አቶ ቆልፌ። አቶ ቆልፌ የቲያትሩ ጠላት ነው፤ ጨው ደብቆ ሕዝብ የሚያስርብ አሻጥረኛ ነጋዴ። በመጨረሻው ትዕይንት ሕዝቡ እየጎተተ ያወጣዋል። እሺ አልኩ። ነጋዴ በዚያን ጊዜ ከእሺ ሌላ ቃል አልነበረውም። እውነቱን ለመናገር ግን ደስም ብሎኛል። ጭምብሎቼ መድረክ ሊወጡ ነው!

ገበሬውንና ወዛደሩን ከድሮዎቹ አስተካክዬ ጨረስኩ። ለአቶ ቆልፌ የተሰማን ጄሶ አወጣሁ፣ እንደ ሕጉም ሸክላ ለጠፍኩበት። ጉንጩን ሞላሁት፣ አገጩን ደራረብኩት፣ ዓይኑን አጠበብኩት። ጓድ ግርማ ሥራውን ሊያይ መጣና አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቆመ።

"ይሄ ሰውዬ አንተን አይመስልም እንዴ?"

አብሬው ሳቅሁ። ሲወጣ መስታወት አመጣሁ። እውነቱን ነው። እጅ ሳያውቀው የሚለምደው የገዛ ባለቤቱን ፊት ነው መሰለኝ፣ ጉንጩም አገጩም የኔ ነው። በሰፈሩ የቀረ ነጋዴ ማን አለ? እኔ። ያ ጭምብል ጨው ደብቆ በሕዝብ ሲጎተት ሰው ማንን ሊያይ ነው? እኔን።

ምን ማድረግ እችል ነበር? አፍንጫውን ማርዘም እችል ነበር። ኪንታሮት ልጨምርበት፣ ግንባሩን ላጎብጠው እችል ነበር። ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ ነው። እኔ ግን እሱን አላደረግሁም። ሰው የጭምብሉን ፊት የማን እንደሆነ ካላወቀው መገመቱን አይተውም፤ ካወቀው ግን መገመት ያቆማል ብዬ አሰላሁ። እኔ ነኝ ያሰላሁት። በጠራራ ፀሐይ፣ በገዛ እጄ፣ ሸክላውን ከጄሶው ላይ አነሳሁ። አንዲት ፍንጣሪ ሳትቀር አነሳሁት። ከሥሩ ተሰማ ብቅ አለ፣ ከነከንፈሩ፣ ከነቅንድቡ። ጋዜጣውን በቀጥታ ለጠፍኩበት። ቅንድቡን ዝቅ አላደረግሁም፤ እንዲያውም በጥቁር ቀለም ትንሽ ከፍ አደረግሁት። የቆዳውን ቀለም ለማግኘት በግድግዳው ቀዳዳ ሁለት ጊዜ አጮልቄ አይቼዋለሁ። ያኔ ምን ይሠራ እንደነበር ታውቃላችሁ? የአቶ ቆልፌን ኮት ይሰፋ ነበር። ኪነት ቡድኑ በነጻ ስፋ ብሎት።

በበዓሉ ቀን የቀበሌው አዳራሽ ጢም አለ። ተሰማና ወርቅነሽ ከፊት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ኮቱን ሊያዩ። አቶ ቆልፌ ብቅ ሲል ከኋላ አንዱ "ተሰማ!" ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መጀመሪያ የሳቀው ራሱ ተሰማ ነው፤ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። ሕዝቡ አቶ ቆልፌን ሲጎትተው ግን ሳቁን አቆመ። ዞር ዞር ብሎ ሰው ፈለገ። የሚፈልገው እኔን ነው። እኔ ምሰሶ ተከልዬ ነበር።

ከዚያ በኋላ በመንገድ ሲያልፍ "አቶ ቆልፌ፣ ጨው አለ?" የሚለው በዛ። መጀመሪያ ቀልድ ነበር። ቀልዱ ሲደጋገም ግን ሰው ይጠራጠር ጀመር፤ ያለ ነገር አይደለም የሠሩት አለ።

በሁለተኛው ሳምንት የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራ። ግለ ሂስ ለኔ ቀላል ነበር። ራሴን ትንሽ እሰድባለሁ፣ ንቃተ ኅሊናዬ ዝቅተኛ ነው እላለሁ፣ እቀመጣለሁ። በዚያን ቀን ተሰማ እጁን አወጣ።

"ጓዶች፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ፊቴን ለበቀለ የሰጠሁት ለልምምድ ነው። ሰው ግን ሌላ ነገር እያወራ ነው። እሱ ይመስክርልኝ፣ እዚሁ አለ" ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። ፊቱ ላይ ጥርጣሬ አልነበረም። ያ ዓለምን የሚንቅ ፊት እኔን ያምን ነበር።

ሊቀመንበሩ "ጓድ በቀለ፣ ይህን ፊት ለምን መረጥክ?" አለኝ።

ተነሳሁ። ማለት የነበረብኝ አጭር ነበር፤ እኔን እንዳይመስል ነው ያደረግሁት፣ ይህ ሰው ንጹሕ ነው። አፌ ግን የነጋዴ አፍ ነው፣ ገበያውን አይቶ ነው የሚናገረው።

"ከያኒ የሚማረው ከሕዝብ ነው" አልኩ። "ያየሁትን ነው የሠራሁት።"

አጨበጨቡልኝ። እስከ ዛሬ በሕይወቴ የተጨበጨበልኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ጭብጨባው ሳያልቅ አንዱ "እንግዲያው ቤቱ ይፈተሽ!" አለ። ፈተሹ። ልብስ ሰፊ ቤት ምን ይገኛል? ጨርቅ። ደንበኞች ለማሰፋት ያስቀመጡት ጨርቅ። ባለቤቶቹ ይምጡ ሲባል ማን ደፍሮ ይመጣል? ክምችት ነው ተባለ። ጨርቁንም የስፌት መኪናውንም ጫኑት፣ ተሰማን ወሰዱት። ወርቅነሽ ሱቄ መጥታ "በቀለ፣ አንተ የተናገርከው ነገር ይሰማል፤ ሄደህ አንድ ቃል በልልኝ" አለችኝ። እሺ አልኳት። አልሄድኩም። እሷን ሸኝቼ የሠራሁት ሥራ ጄሶውን በመዶሻ መሰባበር ነው። ጸጸት እንዳይመስላችሁ። ማስረጃ ማጥፋቴ ነበር።

ተሰማ ከአምስት ወር በኋላ ተፈታ። የፊት ጥርሶቹ ሁለቱ የሉም፣ ከንፈሩ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ቅንድቡን የሚያነሳው ጅማት ሞቷል። የዋህነቱ አሁን በፊቱ ላይ ይታያል። ሱቄ ገብቶ ባንኮኒው ላይ ክንዱን አስደገፈ።

"አሁንስ አልመስለውም አይደል?" አለኝ።

እኔ ምን አልኩት? "ባለ ስንት ቁጥር ምስማር ልስጥህ?" አልኩት።

ክንዱን ከባንኮኒው አንስቶ ወጣ። እስኪሞት ድረስ በሰላምታ ኖርን። አልጠየቀኝም፣ አልነገርኩትም።

ዘመኑ ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። ልጆቼም ስለ ሌላ ሰው ሌላ ታሪክ ሳወራ እንደዚያ ይሉኛል። ዘመኑ ሸክላ አላነሳም። እኔ ነኝ ያነሳሁት። ፈርቼ ነው ልበል? ፈርቻለሁ፤ ግን የፈራ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ የኔ እጅ ያን ቀን የቆዳውን ቀለም እንኳን አልሳተም።

ወርቅነሽ አሁን መካኒሳ ልጇ ዘንድ ናት። ሐሙስ ይህን ወረቀት ይዤላት እሄዳለሁ፣ ዓይኗ ስለደከመ እኔው አነብላታለሁ። ይቅር በይኝ አልላትም። እንደዚያ ካልኳት ለኔ መጨነቅ ትጀምራለች፣ አውቃታለሁ፣ ይቅር ብላ ምሳ ታቀርብልኛለች። እሷ እንድታውቅ ነው የምሄደው። ብታባርረኝ እወጣለሁ። ብትጮህ ጎረቤት ይስማ። ልጇ ከጠየቀኝ ከመጀመሪያው ጀምሬ ደግሜ አነባለሁ።

ተሰማ አምስት ወር ታሰረ፣ ሁለት ጥርስ አጣ፣ የስፌት መኪናው ሳይመለስለት ሞተ። እኔ አንድ ቀን አልታሰርኩም።