የጥጃ ቤቱ ዘፋኝ

ባለፈው ሳምንት አሰላ ሆስፒታል መድኃኒት መስጫው መስኮት ፊት ተሰልፌ ነበር። ለራሴ አይደለም። የእኔ በሽታ ጉልበት ነው፤ እሱን ደግሞ ያረጀ ሰው ሁሉ አለው። የተሰለፍኩት ለእህቴ ለአስካለ የልጅ ልጅ፣ ለናሆም ነው። ልጁ ዩኒቨርሲቲ እየተማረ ሳለ በግድግዳው በኩል ሰዎች ይጠሩኛል ማለት ጀመረና ጓደኞቹ ይዘውት መጡ። አሁን ክኒን እየወሰደ ደህና ነው። እጁ ብቻ ትንቀጠቀጣለች።

መድኃኒቱን የሰጠችኝ ልጅ አንገቷን በመስኮቱ አውጥታ፣ "አባባ፣ ተሻለኝ ብሎ እንዳያቆም ይንገሩት። እጁ ካስቸገረው ይምጣ፣ ሐኪሙ ይቀይርለታል። ስለ አእምሮ ሕመም የሚደረገው ምርምር ብዙ ርቀት ሄዷል፤ እንደ ድሮው ሰውነት የማያደርቁ መድኃኒቶች አሉ፤ በወር አንዴ በመርፌ የሚሰጥም አለ" አለችኝ።

እንደ ድሮው አለች። ድሮን የት ታውቀዋለች? የእናቷ እናት ያን ጊዜ ገና ልጅ ነበረች።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት አግብቼ ከወለድኩ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ በሽታ የተጻፈ ነገር ካየሁ፣ ጋዜጣም ይሁን ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ፣ ቆሜ አነባለሁ። ባነበብኩ ቁጥር እናደዳለሁ፤ ግን አነባለሁ።

ያደግነው ከበቆጂ ወጣ ብሎ፣ ገብስ አገር ውስጥ ነው። ጠዋት ጉሙ ከማሳው እስኪነሳ ድረስ ከሩቅ የሚመጣ ሰው ራሱ ብቻ ነው የሚታየው። ታላቅ ወንድሜ ተፈራ በዚያ አገር የታወቀ አራሽ ነበር። ድምፁም እንዲሁ የታወቀ ነው፤ አውድማ ላይ በሬዎቹን እያዞረ ሲያዜም መንገደኛው አህያውን አቁሞ ይሰማው ነበር። እንዲህ ያለው ሰው አንድ ታኅሣሥ፣ ውቂያው መሃል ላይ መንሹን ወረወረና "ገብሱ ስሜን እየጠራ ይሰድበኛል" ብሎ ወደ ጫካው ሮጠ።

ፀበሉም ተሞከረ፣ ጠንቋዩም ተሞከረ፣ ዱላውም ተሞከረ። በመጨረሻ ከጎጃም ተመድባ የመጣች አንዲት ሲስተር አባቴን ለምና ተፈራን አሰላ ሆስፒታል ወሰደችው። ክኒን ተሰጠው። ክረምቱ ሳያልቅ ገብሱ መሳደቡን አቆመ። ተፈራ ተኛ፣ በላ፣ ሞፈር አነሳ።

ግን ክኒኑ የዚያን ዘመን ክኒን ነው። ሰውነቱን አደረቀው። ሲራመድ እጁ አይወናጨፍም፣ ምራቁ በአፉ ጥግ ይወርዳል፣ ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ። ሲስተሯ፣ "ለመንቀጥቀጡ ሌላ ክኒን አለ፤ አሁን አልቋል እንጂ ይመጣል" አለች። አልመጣም። የአገሩ ሰው ደግሞ የሚገርም ነው። ጫካ ለጫካ ሲሮጥ ያለቀሱለት ሰዎች፣ ድኖ ሲንቀጠቀጥ ሳቁበት። ዕድር ላይ የጠላ ጣሳ ይዞ ሲቀመጥ፣ "ተፈራ፣ አንተ ጋ ያለው ጠላ ቅቤ ሳያወጣ አይቀርም፤ ናጠው እስቲ" ይሉታል። እሱም አብሯቸው ለመሳቅ ይሞክራል፤ ፊቱ ግን እሺ አይለውም።

እንዲህ እንዳለ ከሁሩታ ለአስካለ ባል መጣ። መሬት ያለው፣ በሬ ያለው ቤት ነው። በእኛ ወግ ደግሞ ሽማግሌ ቁርጡን ከመናገሩ በፊት ዘር ይጣራል። ጎረቤት ይጠየቃል፤ ቁምጥና አለባቸው? የሚጥል በሽታስ? ያበደ አለ? አንድ ሰው ከተገኘ የቤቱ ሴቶች በሙሉ ቀሩ ማለት ነው።

አባቴ አንድ ጠዋት በሶውን እየበጠበጠ፣ "ይሄን እጅ እያዩ ልጄን አይወስዷትም" አለ።

እናቴ፣ "ያዳነው እኮ ክኒኑ ነው" አለች።

"ድኗላ! የዳነ ሰው ምን ክኒን ያስፈልገዋል?"

ተፈራ እሳቱ ዳር ተቀምጦ ነበር። "አባዬ፣ እንቅልፍ የሚሰጠኝ እሱ ነው። እባክዎ አይከልክሉኝ" አለ።

"ለእህትህ ስትል" አለው አባቴ። ክኒኑን ሳጥን ውስጥ ከቶ ቆለፈና ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠለጠለው።

ቀጥሎ የሆነውን ነገር ዛሬ ብትጠይቁኝ አስረዳችኋለሁ። መድኃኒቱ ከሰውነት ሲወጣ ቀድሞ የሚጠፋው መንቀጥቀጡ ነው፤ በሽታው ግን ጊዜውን ጠብቆ ነው የሚመለሰው። ያን ጊዜ ይህን የሚያውቅ በቤታችን አልነበረም። ያየነው የተፈራ እጅ መርጋቱን ነው። ፊቱ ተፈታ፣ መሳቅ ቻለ፣ ዘፈኑም ተመለሰ። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ጠላውን የቀዳው እሱ ነው፤ አንድ ጠብታ አላፈሰሰም። ትልቁ ሽማግሌ ከላይ እስከ ታች አይተውት፣ "ታሟል የሚሉት ይሄንን ነው? የሰው ምላስ ክፉ ነው እናንተ" አሉ። አባቴ የዚያን ቀን በደስታ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። እኛም አዋቂ ነው አልነው። እናቴ እንኳ ሲስተሯን ረገመቻት፤ ልጄን ስትመርዘው ኖረች ብላ።

ሠርጉ ጥር ላይ ተቆረጠ። ዳሱ ሊጣል ሲል ተፈራ እንቅልፍ ማጣት ጀመረ። ከዚያ ከበሬዎቹ ጋር መጣላት መጣ። እናቴ ክኒኑን አውጣለት ብላ አባቴ እግር ላይ ወደቀች፤ አባቴ፣ "ሙሽሮቹ ፊት ምራቁን እያዝረበረበ እንዲቆም ነው?" አለ። አጎቴን ጠራና ሁለት ሆነው በጭነት መጫኛ ገመድ እጁን የኋሊት አስረው ጥጃ ቤት አስገቡት።

የሠርጉ ቀን ፀሐይዋ ጥሩ ነበረች። ሁለት ሰንጋ ታርዶ ሥጋው ተሰቅሏል፣ ጠጁ ተጥሏል፣ ሚዜዎቹ ፈረሳቸውን በቀይ ጥለት አስጊጠዋል። ሴቶቹ ዘፈኑን አወጡ። ከጥጃ ቤት መልሱ መጣ። ሌላ አወጡ፤ መልሱ መጣ። ልክ ዜማውን ጠብቆ፣ ግጥሙን አሳምሮ፣ የእህቱን ስም እየጠራ ያሞግሳታል። እንደዚያ ቀን አድርጎ ዘፍኖ አያውቅም። ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው መብላቱን አቆመ።

ከሁሩታ የመጣ አንድ እንግዳ፣ "ይሄ ማነው? ኧረ ወደዚህ ይምጣና ያጫውተን" አለ።

"የቀጠርነው ከብት ጠባቂ ነው" አለ አባቴ። "ጠጥቶ ነው፣ ተዉት።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረና፣ "አንተ፣ ከበሮውን ጠበቅ አድርገህ ምታ" አለኝ።

መታሁ። ከበሮው ሲበረታ የተፈራም ድምፅ በረታ። ወደ ማታ ገደማ፣ ሙሽራይቱ በቅሎ ላይ ስትወጣ፣ ዝም አለ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ስንከፍት፣ መጫኛው ቀኝ እጁ ሥጋ ውስጥ ገብቶ ጣቶቹ ጠቁረው ነበር። አሰላ አድርሰነው ከአንጓው በላይ ቆረጡት። ክኒኑም እንደገና ተጀመረ፤ ግን እንደ መጀመሪያው አልያዘለትም። ገብሱ መሳደቡን ቀነሰ እንጂ አልተወም። እርፍና ጅራፍ ደግሞ በአንድ እጅ አይያዙም።

አስካለ በዓመቱ ልትወልድ እናቷ ቤት መጣች። ገንፎው ቀርቦ፣ ቅቤው መሃሉ ላይ እየቀለጠ፣ ለአባቴ ነገረችው። በአማቶቿ ጓሮ የተዘጋች ጎጆ አለች። ውስጧ የባሏ አጎት አለ፤ እግሩ በሰንሰለት ታስሯል፤ ከራሱ ጋር ያወራል። ሽማግሌ በሚላላክበት ሰሞን ዴራ ዘመድ ቤት ወስደው ደብቀውት ነበር። የእኛን ዘር ሲያጣሩ የነበሩት ትልቁ ሽማግሌ የሰውየው ታላቅ ወንድም ናቸው።

አባቴ የገንፎ ማንኪያውን አስቀመጠ። "አታለሉን" አለ። "ሌቦች ናቸው።"

ተፈራ አጠገቡ ተቀምጦ በግራ እጁ ገንፎ ለመቁረስ ይታገል ነበር። ማንም አላየውም። ሁለት ክረምት ቆይቶ በሳንባ ምች ሞተ። ለቀብሩ ከሁሩታ የአስካለ አማቶች በሙሉ መጡ፤ አለቀሱም።

እንግዲህ የናሆምን ክኒን ይዤ ነው ባለፈው ሳምንት አስካለ ቤት የደረስኩት። አሮጊት ሆናለች። ናሆም መስኮቱ ሥር ስልኩን ይነካካል። እህቱ ሰላም ወጥ ቤት ናት። አስካለ ወደ ጓዳ ጎተተችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ጋሼ፣ እሁድ ለሰላም ሽማግሌ ይመጣል። እጁን ካዩት እንግዲህ ታውቃለህ። እስከ እሁድ ብቻ ብናስተወውስ? ለእህቱ ሲል" አለችኝ።

ፊቷን አየሁት። እያወቀች ነው የምትለኝ። የተቆረጠውን የተፈራን እጅ ጉም በተጫነው ጠዋት ስንቀብር አልነበረችም፤ ግን ልትወልድ ስትመጣ ጉቶውን አይታዋለች። ምርምሩ ሩቅ ሄዷል አለችኝ ያቺ መድኃኒት የሰጠችኝ ልጅ። እውነቷን ነው፣ አነባለሁ። እኛ ግን እዚያው ጓዳ ውስጥ ቆመን እንንሾካሾካለን።

አልጮህኩም። ክኒኑን ለእሷ አልሰጠኋትም፤ ኪሴ ከተትኩት። በየቀኑ ጠዋት እየሄድኩ ራሴ እሰጠዋለሁ። እሁድም እሄዳለሁ። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ጉሮሯቸውን መጠራረግ ሲጀምሩ ናሆምን ጠርቼ መሃላቸው አስቀምጠዋለሁ። ክኒኑን እዚያው ይውጣል፤ እጁ ተንቀጥቅጦ ውሃው ምንጣፉ ላይ ቢፈስ ይፍሰስ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቃቸዋለሁ፦ የእናንተንስ የት ደብቃችሁት መጣችሁ?