ጃኬቱ ዝም ያለ ዕለት

ሠላሳ አንድ ዓመት የአውቶቡስ ወንበር ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ የስፌት መኪናውን ከመሥሪያ ቤቱ ገዝቶ ወጣ፤ መኝታ ቤቱ መስኮት ሥር አስቀመጣት።

ያን ክረምት ያረጀ የናይለን ጃኬቱን ያዘ። ትከሻው ውሃ ያስገባል፤ ብርድም አይመክትም፤ ሲራመድም ይንኮሻኮሻል። ውስጡን በብርድ ልብስ ቁራጭ ገበረው። ከውጭ ትከሻውን፣ እጅጌውንና ጎኑን አገልግሎ በለሰለሰ የድንኳን ሸራ ደረበው። መርፌ ያለፈበት ቀዳዳ ሁሉ ውሃ ያሳልፋልና ስፌቱን በሻማ አሸው። ሲጨርስ መስታወት ፊት ቆሞ እጆቹን አወናጨፈ። ድምፅ የለም። ደስ አለው።

ጃኬቱ ለጠዋት የእግር ጉዞ ነው። በየጠዋቱ ከታላቅ እህቱ ጋር ሐይቁን ይዞራሉ። እህቱ የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ነበረች፤ ዓይኗ ከጠፋ አራት ዓመት ሆኗል። እጇን ሲይዟት አትወድም፤ ከዘራዋን ይዛ ሦስት እርምጃ ከኋላው ትሄዳለች። ልጇ ግን ቁርጡን ነግሯቸዋል፦ አንድ ቀን ብትወድቅ ጉዞው አበቃ።

በነጋታው ጉም ነበር። ውሃውና ሰማዩ አንድ ሆነዋል፤ ዛፎቹ ሥር የሌላቸው ይመስል ተንሳፍፈዋል። ሰውየው የጃኬቱ ሙቀት ውስጥ ገብቶ፣ እግሩ መሬት መንካቱን ረስቶ፣ በሕልሙ እንደሚሄድ ሄደ።

«እታለም፣ ዳክዬዎቹ ዛሬ ቀሩ» አለ።

ዞረ። ነጭ ብቻ።

«እታለም!»

«እዚህ ነኝ፤ አትጩህ።»

ድምጿን ተከትሎ ሲደርስ ከመንገዱ ወጥታ ዳሩ ላይ ቆማለች። የከዘራዋ ጫፍ ውሃ ውስጥ ነው።

«አትነቃነቂ!»

«መች ተነቃነቅሁ? የጠፋኸው አንተ ነህ። ጃኬትህን የት ጣልከው?»

«ለብሼዋለሁ እኮ።»

እጅጌውን ዳበሰችው። «ታዲያ ምነው አፉን ለጎምከው? አራት ዓመት ሙሉ እሱን ስከተል ኖሬ!»

«እኔን የምትከተዪ ነበር የመሰለኝ።»

«አንተማ መች ትናገራለህ፣ ጩጬ።»

ጩጬው ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው።

እጁን ዘረጋላት። ጣቶቹ ሲነኳት እጇን ሰበሰበች። ኪሱ ውስጥ የዳቦ ፌስታል ነበር። አወጣና በጡጫው እያሸ ፊት ፊቷ ሄደ። ኮሽ፣ ኮሽ፣ ኮሽ። ከዘራው ከኋላ ይመልስለታል። እስከ ቤት ድረስ ዓለም ላይ የቀሩት እነዚህ ሁለት ድምፆች ብቻ ይመስሉ ነበር።

«ለልጄ ትነግረዋለህ?» አለችው በር ላይ።

«ምኑን?»

ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ከቀኝ እጅጌውና ከጎኑ ላይ ሸራውን መተርተር ጀመረ። እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ሆና ታዳምጣለች። ትንሽ ይተረትርና ለብሶ ክንዱን ያወዛውዛል።

«አሁንስ?»

«ሹክሹክታ ነው። ጨምር።»

«አሁንስ?»

«እሱ ነው! እንደ ድሮው ለፍላፊ ሆነ።»

ሸራው ሲነሳ የመርፌው ቀዳዳዎች ባዷቸውን ቀሩ። ያን ክረምት የሰውየው ቀኝ ጎን ደርቆ አያውቅም። እህቱም አንድ ጠዋት ሳይቀር ሐይቁን ዞረች፤ ሦስት እርምጃ ከኋላው።