ሐጂ ያልጠየቁኝ ነገር

በደርግ ዘመን ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ስኖር አንዲት አሮጌ መኪና ነበረችኝ። ትንሽ ናት፤ የኋላ በሯ ወደ ላይ ነው የሚከፈተው። የምሠራበት ክሊኒክ ፈረንጅ ሐኪም አገሩ ሲገባ ትቶልኝ ሄደ። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ ስለ እሷ ይጠይቀኛል። ቤንዚን ትበላለች? መለዋወጫ ከየት ታገኚላታለሽ? የኮምቦልቻን ዳገት ትወጣለች? ሳልጨምር ሳልቀንስ እመልሳለሁ። ውሸት እፈራለሁ።

እናቴ ነቀምት በጠና ታመመች የሚል ደብዳቤ ሲደርሰኝ፣ ለመንገዱም ለሕክምናውም መኪናዋን ከመሸጥ ሌላ መላ አልነበረኝም። ቀበሌው የይለፍ ወረቀት የሰጠኝ ለስምንት ቀን ብቻ ነው። አምስቱ ገዢ ስፈልግ አለቁ። የመጣው ይጠይቃል፣ እውነቱን እነግረዋለሁ፣ ይሄዳል።

በስድስተኛው ቀን ጎረቤቴ ሐጂ ከነባለቤታቸው መጡ። ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ሱቃቸውን ወደ ኮምቦልቻ ሊያዛውሩ ነው። ቤታችንን የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። የወንጌላውያን ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ እኔ ቤት ተሰብስበን ስንጸልይ እንደሚሰሙን አውቃለሁ። ለማንም ትንፍሽ ብለው አያውቁም።

ጧት ቶሎ ትነሳለች ወይ አሉ። በብርድ ታስቸግራለች አልኩ። ዝናብስ? በኋላ በር በኩል ታስገባለች። በሩ ለምን በዱላ ተደገፈ? ካልተደገፈ ራስ ላይ ይወድቃል።

"እንደ ሚስቴ ናታ" አሉ።

"ድጋፍ የሚፈልጉትስ እሳቸው ናቸው" አሉኝ ሚስታቸው።

ስለ ፍሬኑ አልጠየቁም። ቁልቁለት ላይ ሲግል ፔዳሉ ይሰምጣል፣ አይይዝም፤ እኔ ኮምቦልቻ የምወርደው በሁለተኛ ማርሽ፣ እየጸለይኩ ነበር። ለጠየቀኝ ሁሉ ተናግሬያለሁ። ላልጠየቀኝስ? መካኒክ ይያት እንዴ አልኳቸው፣ እሺ እንዲሉኝ እየተመኘሁ።

"የምን መካኒክ? ፈጣሪዋን የምትፈራ ሰው መኪና አይደለች እንዴ?"

ቁልፉን ተቀበሉኝ። ሚስታቸው ከፊት ገቡ። ሞተሩ ተነሳ። ኪሴ ውስጥ የይለፍ ወረቀቱን ጨምድጄዋለሁ።

"ሐጂ፣ ይውረዱ" አልኩ። "ፍሬኗ ደህና አይደለም። ስላልጠየቁኝ ነው ዝም ያልኩት።"

ሐጂ ሞተሩን አጠፉና ወረዱ። ሚስታቸው ዓይናቸውን ከኔ ላይ አነሱ።

"ሌላስ ያልጠየቅኩሽ አለ?"

"የግራ የኋላ መብራቷ አንዳንዴ ይጠፋል።"

መኪናዋን አልመለሱም። ፍሬኑ ተሠርቶ ብሩን እስኪከፍሉኝ ግን አራት ቀን ፈጀ፤ የይለፍ ወረቀቴም ጊዜው አለፈ። ያለ ወረቀት ከኬላ አላልፍም፤ እናቴ ደግሞ ትጠብቀኛለች። ሐጂ ራሳቸው ቀበሌ ወሰዱኝ። የዘገየችው እኔ በገዛኋት መኪና ምክንያት ነው ብለው አስረዱልኝ።

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን እያገላበጠ፣ እኔ ቤት ሰው ይሰበሰባል የሚባል ነገር እንዳለ ሐጂን ጠየቃቸው።

"የዚችን ልጅ ቤት ነው የምትለኝ?" አሉ ሐጂ። "ግድግዳ ለግድግዳ ነን። ስታስል እንኳ ሰምቼ አላውቅም።"

ማኅተሙ አረፈ። ዕድሜዬን ሙሉ ውሸት ስፈራ የኖርኩት ሴትዮ፣ ወረቀቱን በሁለት እጄ ተቀብዬ ወጣሁ።